ሦስት ምስክር ለዘርእሰናይ

ከጥምቀት ማግስት፣ ሰኞ ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ወንድሜ እንዳልክ ዓይኑን ሳይገልጥ፣ «እታለም፣ አባባ የሞተው በሀገሩ ነው ወይስ በሰው ሀገር?» ብሎ ጠየቀኝ።

ሰዓቱን የማስታውሰው የማይድን ሕመምተኛ የምትንከባከበው የሆስፒስ ነርስ ሞርፊኑን ሰጥታው ልክ እየወጣች ስለነበር ነው። ኮሎራዶ፣ ኦሮራ ከተማ፣ ቻምበርስ ሮድ ባለው አፓርታማዬ ሳሎን ውስጥ፣ ሶፋው የነበረበት ቦታ ላይ የሆስፒታል አልጋ ገብቶለት ተኝቷል። ካንሰሩ የተገኘው ቆሽቱ ላይ ነው። ሲገኝም የሚደረግ ነገር አልነበረም።

«አርፈህ ተኛ» አልኩት።

«መልሺልኛ።»

«አላውቅም፣ እንዳልክ።»

«ታዲያ ሰው ጠይቂ። እኔ መሄጃዬ ደርሷል። እዚያ ሳገኘው ምን ልለው ነው?»

ይኼን ጥያቄ ዕድሜውን ሙሉ ይዞት እንደኖረ አውቃለሁ። አፍ አውጥቶ ሲጠይቀኝ ግን የመጀመሪያው ነው።

የምንጠራበት ስም የአያታችን ነው። እኔ ፀሐይ ንዋይ፣ እሱ እንዳልክ ንዋይ ነበርን። አሜሪካ ስንገባ የአያት ስም ላስት ኔም ሆነና ሁለታችንም ዘርእሰናይ ተባልን። የእንዳልክ ልጅ ሮሆቦትም እዚሁ ተወልዳ ዘርእሰናይ ናት። ስሜን የሚሰሙ ኤርትራውያን ወዲያው በትግርኛ ይቀጥላሉ፤ እኔ ከሰላምታ በላይ አልችልም። የእኛዎቹ ደግሞ፣ «እናንተ ከወዲያ ናችሁ አይደል?» ይላሉ። እኛ ናዝሬት ተወልደን ያደግን ነን፤ እናታችንም የምንጃር ሰው ናት። አያታችንን አላየነውም። አባባ ራሱ በስድስት ዓመቱ ነው ያጣው። ሰውየው የጭነት መኪና እየነዳ ደሴ መጣ፣ እዚያው አገባ፣ እዚያው ሞተ። ከየት እንደመጣ የጠየቀው ሰው ስለመኖሩም እንጃ።

በ1990 ክረምት፣ የኤርትራ ጦርነት እንደተጀመረ፣ ሁለት ሰዎች ወደ ሰፈራችን መጡ። እንዳልክ አስራ አንድ ዓመቱ ነው፤ በር ላይ ኳስ ይጫወታል። ሙሉ ስሙን ጠየቁት። አባባ ስማችንን እስከ አያት ድረስ ሳንደናቀፍ እንድንጠራ አስተምሮን ነበር፤ ከዚያ በላይ እሱም አያውቅም። እንዳልክ ደረቱን ነፍቶ፣ «እንዳልክ ንዋይ ዘርእሰናይ!» አለ። ሰዎቹ ተያዩና ሄዱ። በሳምንቱ አባባን ወሰዱት። አውቶቡስ ላይ ተጭኖ ድንበር ተሻገረ።

ስሙ ቀድሞም ተይዞ እንደነበር፣ እሱ ባይናገር ጎረቤት ይናገር እንደነበር ስንት ጊዜ ነገርኩት። አልሰማኝም። እኔ ከስምንተኛ ክፍል ወጥቼ ሆቴል ቤት ሰሃን ማጠብ ጀመርኩ፤ ከዚያ ወዲህ ያነበብኩትም የጻፍኩትም በራሴ ነው። እሱ ትምህርቱን አልተወም። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሙን ሲጠየቅ ድምፁ ይቀንሳል።

የአባባን መጨረሻ የሰማነው ተሰደን ካርቱም ሳለን ነው። አስመራ አብሮት ተከራይቶ የኖረ ሰው አግኝቶን ነገረን። አባባ መታወቂያ ሊያወጣ ሲሄድ፣ የመንደርህን ስም ተናገር፣ ከመንደርህም ሦስት ምስክር አምጣ ተባለ። መንደር አልነበረውም። ትግርኛውም የተሰባበረ ነው። እዚህ የዚያ ነህ ብለው አባረሩት፣ እዚያ ደግሞ የማን ነህ አሉት። ሬዲዮ እየጠገነ አምስት ዓመት ያህል ያለ ወረቀት ኖረ፤ ከዚያ አንድ ጠዋት ሳይነሳ ቀረ። «ሦስት ሰው ነው ያጣው» አለ ሰውየው። እንዳልክ ይችን ነገር ከካርቱም እስከ ኮሎራዶ ተሸክሟት መጣ።

ልጁን አንድም ቀን ስም አላስቆጠራትም። ሮሆቦት ትንሽ ሆና፣ «ዳዲ፣ ላስት ኔማችን ከየት ነው?» ስትለው፣ «ከኦሮራ» ይላት ነበር።

ሮሆቦት አሁን አስራ አምስት ዓመቷ ነው። ባለፈው መስከረም እሷው አስቸግራኝ፣ የዘር ምርመራ ለሚያደርግ ድርጅት በፖስታ በሚላክ ቱቦ ውስጥ ምራቄን ተፍቼ ነበር። ውጤቱ ሲመጣ ስልኳን ይዛ እየሮጠች መጣች።

«አክስቴ፣ ሪዘልቱ መጣ!»

ካርታው ላይ ኢትዮጵያና ኤርትራ አንድ ላይ፣ በአንድ አረንጓዴ ቀለም ተቀብተዋል።

«ታዲያ የትኛው ነን?» አልኳት።

«ኢት ደዝንት ሴይ። ሁለቱንም አንድ ላይ ነው የሚያደርጉት።»

እንዳልክ ከአልጋው ሆኖ ሰማን። «ያኔ ይኼ ማሽን ቢኖር አባባን ግማሹን ይተውልን ነበር» አለና ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

እንግዲህ በዚያ ሰኞ ሰው ጠይቂ ሲለኝ መጀመሪያ የደወልኩት ናዝሬት ላለችው የአባባ ግማሽ እህት ነው። የአያታችን ሚስት ከእሱ ሞት በኋላ አግብታ የወለደቻት ናት።

«እማዬ ትነግረኝ ነበር» አለች። «ከየት ነህ ስትለው፣ ከወዲያ ይላታል።»

«ከወዲያ የት?»

«ከወዲያ ማዶ።»

«ከመረብ ማዶ ነው ወይስ ከመቀሌ?»

«እኔ ምን አውቄ፣ ልጄ? ደሴ ላይ ሆነሽ ስታይው ሁሉም ወዲያ ነው።»

ማክሰኞ ኦሪጅናል ኦሮራ ወደሚባለው የከተማው አሮጌ ሰፈር ሄድኩ። ከኮልፋክስ ጎዳና ገባ ብሎ አንድ የቅመማ ቅመም ሱቅ አለ፤ ባለቤቱ ዘርእሰናይ እንደሚባል በዝና አውቃለሁ። ከደጁ ፓርክ አድርጌ ስገባ ከአንድ ሽማግሌ ጋር ኮንከር ይጫወታል።

«ዘርእሰናይ እርስዎ ነዎት?» አልኩት።

«ፖሊስ ካልሆንሽ እኔ ነኝ።»

«የእኔም የአያት ስም ዘርእሰናይ ነው።»

«በይ እንግዲህ! ወርቁ፣ ወንበሩን ልቀቅ፣ የልጅ ልጄ መጣች!»

ወርቁ የተባሉት ሽማግሌ ካርታቸውን ሳያስቀምጡ፣ «አንተ ራስህ አያት ነኝ ካልክ እኔ ጡረታዬን ዛሬውኑ ልጠይቅ» አሉ። እኔ መሳቅ ሲገባኝ አለቀስኩ። ሁለቱም ካርታቸውን አስቀመጡ። ወንበሩ ላይ አስቀምጠውኝ ነገሩን ሁሉ ነገርኳቸው።

ባለሱቁ አገጩን አሻሸ። «ስሙ ብቻውን ምንም አይነግርሽም» አለ። «አክሱምም ብትሄጂ አለ፣ ከረንም አለ። ሰው ልጅ ሲወለድለት ወንዝ ቆጥሮ ስም አያወጣም። ግን ሊትልተን ከተማ አቶ ሳህለ የሚባሉ አሉ፤ በጃንሆይ ጊዜ የጭነት መኪና ድርጅት ጸሐፊ ነበሩ። የደሴን መንገድ ሾፌሮች ያውቃሉ። እሳቸው ካላወቁ ማንም አያውቅም።»

አቶ ሳህለ የሚኖሩት ከልጃቸው ከመርሃዊት ጋር ነው። ረቡዕ ከሥራ ፈቃድ ጠይቄ ሄድኩ። ሰማንያ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ ብርድ ልብስ ጉልበታቸው ላይ ጣል አድርገው በመስኮት ያለውን በረዶ ያያሉ። አማርኛቸው የድሮ ትምህርት ቤት አማርኛ ነው፤ ከእኔው የጠራ ነው።

«አያትሽ መንደራቸውን አንስተው አያውቁም?»

«አያውቁም።»

«የሚዘክሩት ታቦትስ?»

«ማርያምን ይዘክር ነበር ይላሉ።»

«ማርያምን የማይዘክር ማን አለ? እሺ፣ አባትሽ ሲደነግጥ ምን ይል ነበር?»

«መዶሻ ጣቱን ሲመታው ‹ወይ ኣነ› ይል ነበር።»

አቶ ሳህለ ፈገግ አሉ። «እሱማ ከአዲግራት እስከ ከረን መዶሻ የመታው ሁሉ ይለዋል።»

የሾፌሮችን ስም አንድ በአንድ እየጠሩ በጣታቸው ቆጠሩ። ሁለት ዘርእሰናይ ያውቃሉ፤ አንደኛው ምጽዋ በእርጅና የሞተ ነው፤ ሌላኛው ደግሞ ለአያቴ በዕድሜ አይገጥምም። በመጨረሻ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳረፉ።

«ጓለይ፣ ልጄ፣ አልዋሽሽም። አላውቃቸውም።»

አመስግኜ ተነሳሁ። በር ላይ ጎንበስ ብዬ ጫማዬን ሳደርግ ከኋላዬ ጠሩኝ።

«ወንድምሽ ስንት ቀን አለው አሉ?»

«እሑድን ካየ ጥሩ ነው አሉ።»

«አባትሽን ሦስት ምስክር ነው ያሉት?»

«አዎ፣ ሦስት።»

ወደ ወጥ ቤቱ ዞረው፣ «መርሃዊት፣ ካፖርቴ የታለ?» አሉ።

«አባባ! በዚህ ብርድ የት ሊሄዱ?»

«ዛሬ አይደለም። ለቅዳሜ አውጪልኝ። ለባለሱቁ ለዘርእሰናይ ደውይና ሌላ ሰው ጨምሮ ይምጣ በይው። ሦስት መሆን አለብን።»

መርሃዊት ከወጥ ቤት እጇን እየጠራረገች ወጣች። እኔን አየችኝ፣ አባቷን አየች። «ለሚሞት ሰው ሊዋሹለት ነው?»

«አልምልም። መስቀልም አልነካም። እመሰክራለሁ እንጂ።»

«ለየትኛው መንደር?»

«ለእኛ ለአዲ ፍቃይ ነዋ። የሌላ ሰው መንደር አንስቼ ልስጥ?»

«ነገ ዘመዶቻችሁ ነን ብለው ቢመጡስ?»

«ቢመጡማ ወንበር ታመጪያለሽ።»

ደንግጬ ቆሜያለሁ። እሺ አላልኩም፤ ይቅር ብልም እችል ነበር፣ አላልኩም። መርሃዊት መኪናዬ ድረስ ሸኘችኝ። «አትቀየሚኝ» አለች። «እሳቸው ትንሿንም ቃል አይዋሹም። ለዚህ ነው የደነገጥኩት።»

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሦስት ሰዎች ደረጃዬን ወጡ። ሊፍት የለንም፤ አቶ ሳህለ በየፎቁ እየቆሙ ሲተነፍሱ ከውስጥ ይሰማኛል። ባለሱቁ ዘርእሰናይ ብርቱካን በፌስታል ይዞ ቀድሞ ገባና ጆሮዬ ስር፣ «ሦስተኛው ሰው በጉንፋን ወደቀ» አለኝ። «ሹፌራችን ወርቁ ይቆጠር።»

«አቶ ወርቁ ኤርትራዊ ናቸው እንዴ?»

«ምን ኤርትራዊ፣ የደብረ ታቦር ሰው ነው። ግን ሽማግሌ ነው፣ ኮት ለብሷል።»

እንዳልክን በትራስ ደግፌ ቀና አደረግኩት። ስለ መምጣታቸው ጠዋት ነግሬው ጺሙን እንድላጨው ጠይቆኝ ነበር። ሮሆቦት በሩ አጠገብ ግድግዳ ተደግፋ ቆመች። ሦስቱ በሦስት ወንበር ተደርድረው ተቀመጡ። አቶ ሳህለ ካፖርታቸውን አላወለቁም። ዱላቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ችሎት ፊት እንደቀረበ ሰው ጀመሩ።

«እኔ ሳህለ የአዲ ፍቃይ ተወላጅ ነኝ። መንደራችን ከመንደፈራ በእግር የግማሽ ቀን መንገድ ናት። በጣልያን ጊዜ ከመንደራችን ልጆች ወደ ደሴና ወደ አሰብ መኪና እየነዱ ወርደው የቀሩ አሉ። ከነዚያ ውስጥ አንዱ ዘርእሰናይ ይባላል። አያትህ እሱ ነው ብዬ እቀበላለሁ። አባትህ ንዋይም የመንደራችን ልጅ ነው።»

ባለሱቁ ጉሮሮውን ጠረገ። «እኔ ዘርእሰናይ እናቴ የአዲ ፍቃይ ናት። አቶ ሳህለ ያሉትን እኔም እላለሁ።»

እንዳልክ ዓይኑን ወደ ሦስተኛው አዞረ።

«እርስዎም ከአዲ ፍቃይ ነዎት?»

አቶ ወርቁ ባርኔጣቸውን ጭናቸው ላይ አዟዟሩት። «እኔ እንኳ ከደብረ ታቦር ነኝ» አሉ።

ባለሱቁ በክርኑ ጎሸማቸው። ሮሆቦት አፏን በእጇ ያዘች። እኔ መሬቱ ተከፍቶ ቢውጠኝ ወደድኩ።

«ታዲያ ምንድን ነው የሚመሰክሩት?» አለ እንዳልክ።

«እኔ የምመሰክረው በነዚህ በሁለቱ ነው» አሉ አቶ ወርቁ። «ከሃያ ዓመት በላይ አውቃቸዋለሁ። ይኼ ዘርእሰናይ ኮንከር ላይ ሲያጭበረብር በዓይኔ አይቻለሁ፤ ጆከር እጅጌው ውስጥ ይከታል። አቶ ሳህለ ግን ካርታም አይነኩም። እሳቸው የእኛ ልጅ ነው ካሉ፣ የእነሱ ልጅ ነህ።»

እንዳልክ ሳቀ። ሲስቅ ያመዋልና ጎኑን ይዞ ሳቀ። ከታመመ ወዲህ ሲስቅ አላየሁትም ነበር። ሳቁ ሲያበቃ ፊቱ ረጥቦ ነበር።

«ሦስት ሆናችሁ» አለ።

«ሦስት ነን» አሉ አቶ ሳህለ።

«አባቴ አስመራ አምስት ዓመት ኖሯል። መንደሩ ከዚያ ይታይ ነበር?»

የአቶ ሳህለ ጣት ዱላው ላይ ሲንቀሳቀስ አየሁ። «መንደሩ አይታይም» አሉ። «ሩቅ ነው። ጠዋት የሚነሳ አውቶቡስ ግን ነበር። ያን ጊዜ እንደ እኛ ሦስት ሰው ተቀምጦ ቢመሰክርለት፣ በዚያው ቀን ይደርስ ነበር።»

እንዳልክ ዓይኑን ጨፈነ። «በአንድ ቀን» አለ። «ቤቱ አጠገብ ነበር ማለት ነው።»

«ቤቱ አጠገብ ነበር።»

ሲወጡ አቶ ሳህለ ግንባሩን ሳሙት። ደረጃው ላይ ደግፌ አወረድኳቸው። መኪናው ውስጥ ከገቡ በኋላ መስኮቱን ዝቅ አድርገው፣ «አይታይም ያልኩት ለምን እንደሆነ ታውቂያለሽ?» አሉኝ። «ይታያል ብል ያ ፍጹም ውሸት ይሆን ነበር። የቀረውን እንጃ።»

ስመለስ እንዳልክ ነቅቶ ይጠብቀኛል።

«እታለም፣ አቶ ሳህለ እውነታቸውን ነው?»

«አላውቅም» አልኩት። አላውቅም ነበር፤ ዛሬም አላውቅም።

«እኔም አላውቅም። አባባም ሳያውቅ ሞተ።» ትንሽ አረፈ። «ግን መጡ። በዚያ ደረጃ ላይ በዚያ ዕድሜያቸው። ያኔ ለእሱ እንዲህ የሚመጣ ሰው ቢኖር!»

አንሶላውን አስተካከልኩለት። ሰዎቹ የመጡት ለአባባ ነው፤ አባባ ከሞተ ሃያ ዓመት አልፎታል።

«ሮሆቦት» ብሎ ጠራት። አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። «ስምሽን ቁጠሪልኝ።»

«ሮሆቦት ዘርእሰናይ።»

«እንደሱ አይደለም። ሮሆቦት እንዳልክ በይ።»

«ሮሆቦት እንዳልክ…»

«ንዋይ።»

«ንዋይ… ዘርእሰናይ።»

«ጮክ ብለሽ።»

ጮክ ብላ ደገመችው። «እንደ አያትሽ አስተማሪ ቢኖርሽ አትደናቀፊም ነበር» አላት። አራት ጊዜ አስደገማት። በአራተኛው ሳትደናቀፍ ተወጣችው። «ከየት ናችሁ ቢሉሽስ?» አላት። እኔን አየችኝ፤ ከዚያ፣ «ከአዲ ፍቃይ… ኤንድ ኦሮራ» አለች። ይሁን አላት።

እሑድን አየ። ሰኞንም አየ። ኀሙስ ጥር 22 ቀን፣ ሮሆቦት ትምህርት ቤት ሆና፣ እኔ እጁን ይዤው አረፈ። የመጨረሻዎቹን ሁለት ቀናት አልተናገረም። በመጨረሻ የሰማሁት ቃል «ውሃ» የሚል ነው፤ በጥጥ ከንፈሩን አራስኩለት።

ቀብሩ ላይ የሕይወት ታሪኩን የሚያነበው ዲያቆን የአባቱን አባት ትውልድ ቦታ ጠየቀኝ። አዲ ፍቃይ አልኩት። አፌ ላይ ከበደኝ፤ ነገር ግን ሌላ የምለው አልነበረኝም። ሲነበብ ከኛ ሰዎች መሀል ያጉረመረመ አለ፤ «እነሱ ናዝሬት አይደሉም እንዴ?» ሲል ሰማሁት። መለስ ብዬ አላየሁትም።

የአዲ ፍቃይ ተወላጆች ሃያ ያህል ሆነው መጡ። መርሃዊት ነች የጠራቻቸው። ከመሀላቸው አንዲት በጣም ያረጁ ሴት እጄን ይዘው፣ «የማን ወገን ናችሁ?» ብለው በትግርኛ ጠየቁኝ፤ መርሃዊት አስተረጎመችልኝ።

«ዘርእሰናይ የሚባል፣ መኪና እየነዳ ደሴ የወረደ» አልኩ።

ሴትየዋ ራሳቸውን ነቀነቁ። አስታውሰዋለሁ አሉ። እናታቸው ስታነሳው ሰምተዋል፤ ሲሄድ ለእናቱ ተመልሼ እመጣለሁ ብሎ ነበር፣ እናቱም መንገዱን እያየች አረጀች። ልቤ ዘለለ። ምን ይመስል ነበር፣ የአባቱ ስም ማን ነበር እያልኩ ጠየቅኳቸው። ሴትየዋ ግን ከሌላ ሰው ጋር አምታተውኝ መሰለኝ፣ «ወንድምሽ ዮሐንስስ ደህና ነው?» አሉኝ። መርሃዊት ዓይኗን ከእኔ አሸሸች። ዮሐንስ የሚባል ወንድም የለኝም። እጃቸውን አልለቀቅሁም፤ እስኪቀመጡ ድረስ ይዣቸው ቆምኩ።

አቶ ሳህለ በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ሊትልተን አረፉ። ቀብራቸው ላይ መርሃዊት እኔንና ሮሆቦትን ከቤተሰቡ ተርታ አቆመችን፤ ሰዉም እያለፈ እግዚአብሔር ያጽናችሁ አለን።